ሁለት ቁጥር ይዞ የተመለሰው ሰው

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን የታዋቂ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ያቀርብላችኋል። በዚህ እትም ተራው የኔ ነው። የመረጥኩት ሰው ከ250 ዓመት በፊት ጎንደር የኖረው ጀምስ ብሩስ ነው። ለምን እሱን እንደመረጥኩ እንድታውቁ ግን መጀመሪያ ሜዳችን ላይ የደረሰብኝን ጉድ ልንገራችሁ።

የሒሳብ መምህራችን አንድ ቀን ክፍሉን በሙሉ ወደ ሜዳ አወጡን። ሜዳው ላይ በኖራ ሁለት ረጃጅም መስመሮች ተሰምረዋል። አንዱ ከባንዲራ መስቀያው ተነስቶ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ እሱ የኤክስ መስመር ነው። ሌላው ከዚያው ተነስቶ ወደ ፊት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይሄዳል፤ እሱ የዋይ መስመር ነው። ባንዲራ መስቀያው መነሻ ነጥብ፣ ማለትም (0፣0) ሆነ። አንድ እርምጃ እንደ አንድ ቁጥር ይቆጠራል ተባልን። ከዚያ ለያንዳንዳችን ሁለት ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ታደለንና ቦታችሁን ፈልጋችሁ ቁሙ ተባልን።

የኔ ወረቀት (3፣5) ይላል። እኔ ደግሞ አንደኛ ለመድረስ ስለቸኮልኩ አምስት እርምጃ ወደ ቀኝ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ሄጄ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ወዲያው ጓደኛዬ እየቆጠረች መጣችና እዚያው እኔ የቆምኩበት ላይ ልትቆም ፈለገች። የሷ ወረቀት (5፣3) ይላል። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? ቦታው የኔ ነው፣ ሦስትም አምስትም አለኝ፣ ቀድሜ የደረስኩትም እኔ ነኝ ብዬ ተከራከርኩ። እሷ ምንም ሳትናገር ወረቀቷን ብቻ ታሳየኛለች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። በጣም ተናደድኩ፣ አፈርኩም።

መምህራችን ግን አልሳቁም። ቁጥሮችህን በትክክል አንብበሃል፣ ያጠፋኸው ቅደም ተከተሉን ነው ብለው አስረዱኝ። የመጀመሪያው ቁጥር ወደ ጎን ስንት እንደምንሄድ ይነግረናል። ሁለተኛው ወደ ላይ ስንት እንደምንሄድ ይነግረናል። ስለዚህ (3፣5) እና (5፣3) ቁጥሮቻቸው አንድ ሆነው ቦታቸው ግን ይለያያል። እንዲህ ያለው ጥንድ ቁጥር ኮኦርዲኔት ይባላል። ሁለቱ መስመሮች ያሉበት ሰሌዳ ደግሞ ካርቴዥያን የተባለው በፈረንሳዊው ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ በሬኔ ዴካርት ስም ነው። ዴካርት በ1596 ተወልዶ በ1650 የሞተ ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በኛ ነው ካላልኩ በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በማግስቱ እኔና ጓደኛዬ ታርቀን የትምህርት ቤታችንን ካርታ በግራፍ ወረቀት አብረን ሠራን። እሷ በእርምጃ ለካች፣ እኔ ሣልኩ። ለክበቡ ሳስገባው ግን ከላይ የጻፍኩት የኔን ስም ብቻ ነው። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የጀምስ ብሩስን ስም በደንብ የሰማሁት ከክፍል ጋር ቁስቋምን ስንጎበኝ ነው። ከአዘዞ ጎንደር ሄደን ዳገቱን ወጣንና የእቴጌ ምንትዋብን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አየን። የኅብረተሰብ መምህራችን እዚያ ድንጋይ ላይ አስቀምጠውን ስለ ብሩስ አጫወቱን። ይህ ሰው ከስኮትላንድ ድረስ መጥቶ እዚህ ግቢ ውስጥ ኖሯል፣ ግሽ ዓባይ ወርዶም የቦታውን ኮኦርዲኔት ለክቶ ጽፎ ሄዷል አሉን። ኮኦርዲኔት የሚለውን ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፣ መምህራንንም ጠየቅሁ። እነሆ ታሪኩ።

ጀምስ ብሩስ የተወለደው ታኅሣሥ 14 ቀን 1730 በስኮትላንድ፣ ኪነርድ በሚባል የቤተሰቡ ርስት ላይ ነው። ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ሞተችበት። ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ፤ ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተመልሶ ሕግ ተማረ፣ ግን ሕጉን አልወደደውም። ሲያድግ ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆነ፣ ጸጉሩም ቀይ ነበር። በ1754 አገባ። የሚያሳዝነው ግን ሚስቱ በተጋቡ በዚያው ዓመት በሳንባ በሽታ ሞተች። ከዚያ በኋላ ነው ብሩስ አገር ላገር መዞርና ቋንቋ ማጥናት የጀመረው። ዓረብኛ ተማረ። የኛን ግዕዝ እንኳን ገና ኢትዮጵያን ሳያይ ከመጽሐፍ አጠና።

ቀጥሎ በአልጀርስ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ሆነ። በሰሜን አፍሪካ የጥንት ፍርስራሾችን ሲያይና ሲያስል የሄደበት መርከብ በሊቢያ ባሕር ዳርቻ ተሰበረ። ዋኝቶ ነፍሱን አዳነ፣ ዕቃው ግን ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። እሱ ግን ለጓደኞቹ ደብዳቤ ጽፎ አዲስ የመለኪያ መሣሪያ ፈለገ። ከመሣሪያዎቹ ዋናው ኳድራንት ነበር፤ እሱን ያገኘው ከፈረንሳዩ ንጉሥ ከሉዊ 15ኛ ነው።

ኳድራንት ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። የክብ ሩብ ነው፣ ማለትም 90 ዲግሪ ያለው ትልቅ ፕሮትራክተር በሉት። በሱ ፀሐይ ወይም ኮከብ ከምድር ጠርዝ ስንት ዲግሪ ከፍ እንዳለ ይለካበታል። እኛም ግራፍ ላይ ሁለቱ መስመሮች የሚከፍሏቸውን አራት ሩቦች ኳድራንት እንላቸዋለን። ስሙ አንድ የሆነው ሁለቱም ሩብ ስለሆኑ ነው።

ብሩስ በ1768 ግብፅ ገባ። ከዚያ በቀይ ባሕር አድርጎ በመስከረም 1769 ምጽዋ ደረሰ። ምጽዋ ላይ የነበረው ገዢ ብዙ አስቸገረው፣ እንዳይገደልም ተሰግቶ ነበር። በመጨረሻ ወደ ደጋው ለመውጣት ተፈቀደለት። ታራንታ የሚባለውን ተራራ ሲወጡ ያ ኳድራንት ከባድ ስለነበር ተሸካሚዎቹ ደከሙ። እናም ብሩስ ራሱ ያሲን ከሚባል የጉዞ ጓደኛው ጋር ተሸክመው አወጡት። ልብሳቸው ተቀደደ፣ እጃቸውና ጉልበታቸው ደማ። ይህን ሳነብ ገረመኝ። ወርቅ ወይም ምግብ ቢሆን እሺ፣ ሰው ለፕሮትራክተር ብሎ ይደማል? ግን ያለዚያ መሣሪያ ሄዶ ቢመለስ የሚያመጣው ወሬ ብቻ ነበር።

በአድዋና በአክሱም አልፎ በየካቲት 1770፣ በኛ አቆጣጠር በ1762 ዓ.ም.፣ ጎንደር ገባ። ያን ጊዜ ንጉሡ አፄ ተክለ ሃይማኖት 2ኛ ነበሩ። ኃይሉ ሁሉ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር፤ አገሩም በጦርነት ይታመስ ነበር። ብሩስ ሲደርስ ቁስቋም ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ልጆች ታመው ነበር። ብሩስ ሕክምና ትንሽ ያውቅ ስለነበር እንዲያክም ተጠራ። እሱም በመጀመሪያ በርና መስኮት አስከፍቶ ንጹሕ አየር አስገባ፣ ቤቱንም አስጸዳ። ከታመሙት ልጆች የዳኑ ነበሩ። በዚህ ምክንያት እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ወይዘሮ አስቴር ወደዱት። ቁስቋም ላይ ማረፊያ ተሰጠው። ሰውም ያቆብ ይለው ጀመር፣ ጀምስ ማለት በኛ ያዕቆብ ማለት ስለሆነ ነው። እኛ ቁጭ ብለን ዳቦ የበላንበት ፍርስራሽ አጠገብ ይህ ሁሉ ሆኗል።

የብሩስ ልብ ግን ያለው ግሽ ዓባይ ላይ ነው። በግንቦት ወር ለመሄድ ሞክሮ እስከ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ደርሶ ነበር፤ ጦርነት ስለነበር ግሽ አልደረሰም። ዝናቡ ካበቃ በኋላ በጥቅምት 28 ቀን 1770 እንደገና ከጎንደር ተነሳ። የጣናን ምዕራብ ዳር ይዞ ወደ ጎጃም ወረደ። ኅዳር 4 ቀን 1770፣ በኛ በጥቅምት 1763 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሰከላ ውስጥ ካለው ከግሽ ደረሰ። ቦታው የአቡነ ዘርአ ብሩክ ጠበል ያለበት፣ ሕዝቡ የሚያከብረው ቦታ ነው። ብሩስ ረግረጉ መሃል ያለችውን ምንጭ ሲያይ በደስታ ሮጠ። ከኮኮናት ቅርፊት በተሠራ ዋንጫ ውኃውን ጠጣ። ወዲያው ግን አዘነ። ያን ያህል የለፋሁት ለዚህች ትንሽ ምንጭ ነው ወይ የሚል ሐሳብ መጣበት ይባላል።

ዋናው ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኳድራንቱን ተክሎ ሰማዩን ለካ። ያገኘው ውጤት ሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው ኬክሮስ፣ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ሰሜን። ሁለተኛው ኬንትሮስ፣ 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ምሥራቅ። እዚህ ላይ ደቂቃና ሰከንድ የሚባሉት የሰዓት አይደሉም፣ የዲግሪ ክፍልፋዮች ናቸው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው፣ አንድ ደቂቃም 60 ሰከንድ።

አሁን ልብ በሉ። ዓለም በሙሉ እንደ ሜዳችን ናት። የምድር ወገብ እንደ ኤክስ መስመር ነው። በለንደን ውስጥ በግሪኒች በኩል የሚያልፈው መስመር ደግሞ እንደ ዋይ መስመር ነው። ኬንትሮስ ወደ ምሥራቅ ስንት እንደምንሄድ፣ ኬክሮስ ወደ ሰሜን ስንት እንደምንወጣ ይነግረናል። ሁለቱ ካሉ ቦታው ተገኘ። አንዱ ብቻ ካለ ግን ቦታው አልተገኘም። ኬክሮስ 11 ብቻ ብትሉኝ ዓለምን የሚዞር ረጅም መስመር ላይ ያለ ቦታ ሁሉ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ ቁጥሮች ግን እኩል አይቀሉም። ኬክሮስን ማግኘት ቀላል ነው። የሰሜን ኮከብ ከምድር ጠርዝ ከፍ ያለበት ዲግሪ የቆምንበት ኬክሮስ ማለት ይቻላል። አዘዞ ላይ 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ ቡጢ ብትጨብጡ ቡጢው 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ ማታ ወደ ጎንደር በኩል ዞራችሁ ከጠርዙ አንድ ቡጢና ትንሽ ጨምሩ፣ ኮከቡ እዚያ አካባቢ ነው። እኔ ከአያቴ ጋር ደጅ ወጥቼ ሞከርኩት። አያቴ መጀመሪያ ኮከብ አይቆጠርም ብላ ተቆጣችኝ፣ በኋላ ግን እሷም ቡጢዋን ዘርግታ ለካች።

ከባዱ ኬንትሮስ ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፣ ስለዚህ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ማለት ነው። ጎንደር ከግሪኒች 37 ዲግሪ ተኩል ገደማ ምሥራቅ ናት። 37.5 ለ15 ሲካፈል 2.5 ይሆናል። ይህ ማለት በፀሐይ አቆጣጠር ለንደን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጎንደር ከሌሊቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው። የሁለቱን ቦታ ሰዓት በአንድ ጊዜ ያወቀ ሰው ኬንትሮሱን አወቀ። ችግሩ በ1770 ስልክ የለም። ጎጃም ሆኖ የለንደንን ሰዓት በምን ያውቃል?

መልሱ ሰማይ ላይ ነው። ጁፒተር የሚባለው ፕላኔት የራሱ ጨረቃዎች አሉት። አራቱን ትልልቆቹን ጋሊሊዮ በ1610 በቴሌስኮፕ አይቷቸዋል። እነዚህ ጨረቃዎች እየዞሩ በጁፒተር ጥላ ውስጥ ይገባሉ፣ ይወጣሉም። ጨረቃዋ ጥላው ውስጥ ስትጠፋ ለንደን ላለውም ጎጃም ላለውም በአንድ ጊዜ ነው የምትጠፋው። በብሩስ ዘመን ደግሞ ይህ የሚሆንበት የአውሮፓ ሰዓት አስቀድሞ ተሰልቶ በመጽሐፍ ይታተም ነበር። ስለዚህ ተጓዡ በቴሌስኮፕ እያየ ጨረቃዋ የጠፋችበትን የራሱን ሰዓት ይመዘግባል፣ ከመጽሐፉ ጋር ያስተያያል፣ ልዩነቱን ወደ ዲግሪ ይለውጣል። የሰማይ ሰዓት በሉት።

የብሩስ ቁጥሮች ትክክል ናቸው ወይ? ኬክሮሱ ዛሬ ከሚታወቀው ጋር በጣም ይቀራረባል። ኬንትሮሱ ግን ከሩብ ዲግሪ ትንሽ በለጥ ያለ ስሕተት አለው፣ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ይወስዳል። እኔ መጀመሪያ ይሄማ ትልቅ ስሕተት ነው አልኩ። መምህሬ ግን እስኪ በሰዓት አስላው አሉኝ። 15 ዲግሪ በአንድ ሰዓት ከሆነ ሩብ ዲግሪ በስንት ይሆናል? አንድ ደቂቃ! ሰውየው ከአገሩ ይህን ያህል ርቆ፣ በጦርነት መሃል፣ የሳተው ከአንድ ደቂቃ ትንሽ በለጥ ባለ ሰዓት ነው። ጠዋት ለሰልፍ እኔ የማረፍደው ከዚያ ይበልጣል።

ብሩስ ጎንደር ተመልሶ እስከ ታኅሣሥ 1771 መጨረሻ ቆየ። ሲሄድ የግዕዝ ብራና መጻሕፍት ይዞ ሄደ። ከነሱ ውስጥ መጽሐፈ ሄኖክ አለበት። ይህ መጽሐፍ ሙሉውን ተጠብቆ የኖረው በኛ በግዕዝ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ጠፍቷል ይባል ነበር።

የመመለሻው መንገድ ከመምጫው የባሰ ሆነ። በስናር አድርጎ የኑቢያን በረሃ ሲያቋርጥ ውኃ አለቀ፣ ግመሎቹ ሞቱ፣ እግሩ አብጦ ቆሰለ። ኳድራንቱን፣ ቴሌስኮፑንና ወረቀቶቹን ሁሉ አሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ ሄደ። በኅዳር 1772 መጨረሻ አስዋን ደረሰ። ነፍሱን አተረፈ፣ ግን ሁለቱ ቁጥሮችና ሌላው የብዙ ዓመት ልፋት በረሃ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ምን አደረገ? ግመል አግኝቶ ወደዚያው በረሃ ተመለሰ፤ ዕቃውንም እንደተወው አገኘው። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ቦታ ነው።

አገሩ ሲገባ ግን የጠበቀው ሌላ ነው። በ1774 ለንደን ደርሶ ያየውን ሲናገር ብዙዎች ውሸታም አሉት። ስለ ጥሬ ሥጋ የተናገረውን ለማመን ያቃታቸው ብዙ ነበሩ፣ ሳቁበትም። እኔ ሜዳ ላይ ሲሳቅብኝ የተሰማኝን አስታወስኩ። ልዩነቱ እኔ ተሳስቼ ነበር። ብሩስ ተቀይሞ ወደ ኪነርድ ገባ። ዳግመኛ አገባ፣ ሁለተኛዋ ሚስቱም በ1785 ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ታሪኩን መጻፍ ጀመረና በ1790 አምስት ትልልቅ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። በኋላ ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች ብሩስ ከጻፈው ብዙው እውነት መሆኑን አረጋገጡ። ወሬን ማመንም አለማመንም ይቻላል። ቁጥርን ግን ማንም ሰው መሣሪያ ይዞ ሄዶ ሊፈትነው ይችላል። ስሕተቱን እንኳ ያወቅነው ቁጥሩን ጽፎ ስለተወልን ነው።

ብሩስ የሞተው ሚያዝያ 27 ቀን 1794 ነው። ቤቱ እንግዶች ነበሩ። አንዲት እንግዳ ለመሸኘት ሲቸኩል ከደረጃ ላይ ወደቀ። ባሕሩም፣ ጦርነቱም፣ በረሃውም ያልገደሉት ሰው የገዛ ቤቱ ደረጃ ገደለው። ዕድሜው 63 ነበር።

እዚህ ላይ ላበቃ ነበር። ግን አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ባልጽፈው ደግሞ ደስ አይለኝም። ብሩስ ጥፋትም ነበረበት። የዓባይን ምንጭ ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ይል ነበር። ግን ከሱ 152 ዓመት በፊት፣ በ1618፣ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የስፔን ሰው ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ግሽን አይቷል። አፄ ሱስንዮስ እዚህ እኛ አዘዞ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት ንጉሥ ናቸው። ብሩስ የፓኤዝን ጽሑፍ ያውቃል፣ ግን አላምንም ብሎ ካደ። የግሽና የአካባቢው ሰዎች ደግሞ ምንጩን ከማንም በፊት ያውቁት ነበር፤ መንገድ ያሳዩትም እነሱ ናቸው።

ከዚህ የባሰ አለ። ብሩስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ይዞ ነበር የመጣው። ባሉጋኒ ዕፅዋትን በሚያምር ሁኔታ ይሥል ነበር፣ የጎንደርንም የአየር ሁኔታ ይመዘግብ ነበር። ግሽም አብሮ ሄዷል። በ1771 ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ባሉጋኒን ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈው። አብሮት የለፋውን ሰው ከቦታው ላይ አጠፋው። የባሉጋኒ የራሱ የጉዞ ማስታወሻ ባይገኝ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

ይህን ባነበብኩ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ካርታ ትዝ አለኝ። በእርምጃ የለካችው እሷ ናት። እሷ ባትለካ የኔ ሥዕል ባዶ ሥዕል ነው። እኔም ባልሥል የሷ ልኬት ደብተር ውስጥ ይቀር ነበር። ጠዋት ከሰልፍ በፊት ፈልጌ አገኘኋትና ያደረግሁትን ነገርኳት። ካርታውን አስቀድማ ክበቡ ሰሌዳ ላይ አይታው ነበር። ምንም ያላለችኝ እስክነግራት እየጠበቀች መሆኑን ነገረችኝ። አሁን ካርታው በሚቀጥለው ገጽ ላይ አለ፣ ሥሩም የሁለታችን ስም ጎን ለጎን ተጽፏል። የሷ ስም ይቀድማል፣ ምክንያቱም ልኬቱ ከሥዕሉ ቀድሟል።

ከታረቅን በኋላ በአትላስ አንድ ነገር አብረን ሞከርን። አዘዞ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ኬክሮሱ 12.5 ሰሜን፣ ኬንትሮሱ 37.4 ምሥራቅ ገደማ ነው። ከብሩስ ግሽ ጋር ስናስተያየው በኬክሮስ አንድ ዲግሪ ተኩል ይለያያሉ። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ግሽ ከኛ ወደ ደቡብ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና ሳንሳፈር በደብተር ብቻ አገኘነው! ቀጥለን ሜዳ ላይ እንዳደረግሁት ሁለቱን ቁጥሮች አገላበጥናቸው፤ 37.4 ሰሜን፣ 12.5 ምሥራቅ። ጣታችን የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? ጣሊያን አገር፣ ከሲሲሊ ደሴት አጠገብ፣ ባሕር ውስጥ። ቁጥሮቹን የገለበጠ አብራሪ አዘዞ አርፋለሁ ብሎ ባሕር ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሒሳብ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የጎኑ ነው። ካርታ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ኬክሮስ፣ ማለትም የላዩ፣ ይቀድማል። ለምን ብለን ጠየቅን። መምህራችን ስምምነት ነው አሉን። ስለዚህ ካርታ ላይ ሰሜን፣ ምሥራቅ ብሎ አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል። ስምምነቱን ያላወቀ ሰው ሁለት ትክክለኛ ቁጥር ይዞ ይጠፋል፣ እንደ እኔ።

በመጨረሻ ለናንተ ጥያቄ። በግራፍ ወረቀት ላይ እነዚህን ነጥቦች አስቀምጡና በተራ አገናኙ፤ (1፣1)፣ (5፣1)፣ (5፣4)፣ (3፣6)፣ (1፣4)፣ ከዚያ ወደ (1፣1) ተመለሱ። ምን ወጣ? አሁን ደግሞ የእያንዳንዱን ጥንድ ቅደም ተከተል ገልብጣችሁ እንደገና ሣሉ። ያ ነገር ምን ሆነ? መልሳችሁን ከጓደኛችሁ ጋር ሠርታችሁ በሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ባለው ሳጥን ክተቱ። የሠራችሁት ሁለት ከሆናችሁ ግን አደራ፣ ሁለት ስም ጻፉ።

ቸር እንሰንብት።

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል
አዘዞ